የሀጀራ ሳጥን

ሳጥኑ ከጓሮው ቁልቋል ሥር ተገልብጦ ተገኘ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ማጠፊያው ግን ከነምስማሩ ተነቅሏል። አጠገቡ የሕፃን ካልሲ፣ ባዶ የሽቶ ብልቃጥና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ወድቋል። ቋጠሮውን ስፈታው የወርቅ ጉትቻ ሆኖ አገኘሁት።

ጉትቻውን መዳፌ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆምኩ። ብዙ ሌባ ይዤአለሁ፤ ወርቅ ጥሎ የሄደ ግን አላጋጠመኝም።

«ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው?» አልኳት የሳጥኑን ባለቤት።

ሀጀራ የበሩን መቃን ተደግፋ ነበር። ከወፍጮ ቤት መመለሷ ነው፤ ዱቄት የነካው እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። «ወረቀቱ» አለችኝ። «ወረቀቱ በሙሉ።»

መካነ ሰላም ውስጥ የሀጀራን ወረቀት የማያውቅ ሰው የለም። ባሏ ሙሐሲን በ1996 በሱዳን አድርጎ ወጣ። ሊቢያ ታሰረ፣ ባሕር ተሻገረ፣ ኖርዌይ ገባ። እዚያ ጥገኝነት ጠየቀ፣ ተከለከለ፣ ይግባኝ አለ፣ ተፈቀደለት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዜግነቱን አገኘ። ዜጋ በሆነ ማግስት ሚስቱንና ልጁን ለመውሰድ አመለከተ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሀጀራ ነው። መታወቂያ ከቀበሌ፣ የልደት ማስረጃ ለልጅቱ፣ የኒካሕ፣ የጋብቻዋ ወረቀት ከቃዲው። ኒካሑ በአረብኛ ስለሆነ አስተርጉሚ ተባለች፤ ትርጉሙን አጸድቂ ተባለች፤ ያጸደቀውን ማኅተም ሌላ መሥሪያ ቤት ያረጋግጠው ተባለች። ደሴ ሄደች፣ አዲስ አበባ ሄደች፣ የአያት ስም ተዛብቷል ተብላ ወደ ቀበሌ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። በመጨረሻ ኤምባሲው ቀን ቆረጠላት። የፊታችን ሰኞ እናትና ልጅ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅና ለምርመራ ካልተገኙ ማመልከቻው ይዘጋል።

ያን ቀን ሐሙስ ነበር፤ ግንቦት 2005። ቅዳሜ ጠዋት የሚነሣው አውቶቡስ ካመለጣቸው ሰኞ አይደርሱም።

«አይዞሽ» አልኳት። «ወረቀቱ መሰረቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፖሊስ እጽፍልሻለሁ። ይዘሽው ሂጂ።»

«ያለ ፓስፖርት ማን ያስገባኛል?» አለች። ዓይኗ ከሳጥኑ ላይ አልተነሣም።

እኔ ብርሀንነሽ እባላለሁ፤ በወረዳው ፖሊስ ምክትል ኢንስፔክተር ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በረሃ፣ በትግሉ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በማታ ትምህርት ከስምንተኛ አላለፍኩም። ግትር ናት ይሉኛል። ይበሉ።

ጠዋቱን ቤቱ ባዶ ነበር። አማቷ እማ ፋጢማ ለቅሶ ሄደዋል። ልጅቷ ፈርሂያ ትምህርት ቤት ናት። ሀጀራ ከማለዳ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ነበርኩ አለች፤ ወፍጮው ላይ የሚሠራው ንጉሡም ስጠይቀው ከመክፈቴ በፊት መጥታ እኩለ ቀን ላይ ነው የተፈጨላት አለኝ። ጎረቤቷ በዛች ግን ያየችው ነገር አለ። የሙሐሲን ወንድም ጀብሪል ረፋድ ላይ ጋቢው ሥር አንድ ነገር ሸጉጦ፣ ግራ ቀኙን እያየ ከግቢው ወጥቷል።

ሀጀራ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ጀብሪል አይደለም» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«አይደለም። አይያዝ።»

ተያዘ።

ጀብሪል ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በየመን አድርጎ ሳዑዲ ገብቶ ነበር፤ ይዘው አሻራውን ወስደው በለበሰው ሸሚዝ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን እኔን አስቀድመኝ ይል ነበር። ወንድም በወንድም እንደማይሄድ፣ ሕጉ ሚስትና ልጅ ብቻ እንደሚል ቢነግሩትም አላመነም። ባለፈው ወር ከሀጀራ ጋር ተጣልተው ጎረቤት ገላግሏቸዋል።

ማረፊያ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ጋቢህ ሥር ምን ነበር?»

«ሆዴ።»

«ሆድ የለህም አንተ።»

«እንግዲህ የኖርዌይ ሥጋ ጠብቄ ነዋ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የት እንደነበረ ጠየቅኩት፣ አልመለሰም። ልወጣ ስል ብቻ አንድ ነገር ተናገረ፦ «የእሷ ፓስፖርት ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ እቴ? ቀሚስ ለብሼ ልሂድበት? ወላሂ አልነካሁም።»

አለቃዬ ኮማንደር አሕመድኑር ነገሩ አልቋል አለ። ጠብ አለ፣ ያየ ምስክር አለ፣ ተጠርጣሪው የት እንደነበረ አይናገርም፤ ፍርድ ቤት አቅርበን ቀጠሮ እንጠይቅበት። እኔ ወርቁን አነሣሁበት። «ቸኩሎ ነው» አለ። ማጠፊያ ለመንቀል ጊዜ ያገኘ ሰው ጉትቻ ለማንሣት ይቸኩላል ወይ አልኩት። አንቺ ሁልጊዜ ከእንጨቱ ቅርፊቱ ነው የሚታይሽ ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ።

ዐርብ ጠዋት ወንዝ የወረዱ ልብስ አጣቢዎች ጠሩኝ። ከድንጋዮቹ መካከል የተቃጠለ ነገር አለ። አመዱን በስንጥር በታተንኩት። ግማሹ የከሰለ የፓስፖርት ሽፋን ወጣ፤ ከሥሩ ሌላ የፓስፖርት ሽፋን። የመታወቂያ ፕላስቲክ ተኮማትሯል። የሠርግ ፎቶ ጠርዝ ላይ የሙሐሲን ጫማ ብቻ ቀርቷል። ሁሉን ሰብስቤ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ሀጀራ ቤት ሄጄ ፓስፖርቱ እንደተቃጠለ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላለቀሰችም። የደነገጠ ሰው ሁሉ አያለቅስም ብዬ አለፍኩት።

ፈርሂያ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ገባች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ፖሊስ ስታይ አልፈራችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። ትምህርት ቤት ክትባት ተሰጥቶ ኖሯል።

«ሁሉም አለቀሱ» አለችኝ። «እኔ ግን መርፌውን እያየሁት ነው የተወጋሁት።»

እናቷ ወደ ጓዳ ላከቻት።

ከዚያ ወረዳ አስተዳደር ሄድኩ። የሀጀራን ጉዳይ ከመጀመሪያ ጀምሮ የያዘው ኪዳነማርያም ነው፤ ማኅተሙን ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥቶ የማይመታበት ቀን የለም። ቢሮው ደጃፍ ላይ እንደ ሁልጊዜው ድንጋይ ተደርድሯል። ባለጉዳይ ሌሊት መጥቶ ድንጋዩን በተራ ያኖርና ሌላ ጉዳዩን ሊፈጽም ይሄዳል፤ ድንጋዩ ይቆምለታል።

ወረቀቶቹ ማንን ሊጠቅሙ እንደሚችሉ ጠየቅኩት። ቪዛ ያልተመታበት ፓስፖርት ለደላላ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም አለኝ። ግን ሀጀራ ለምን ተስፋ ቆረጠች ብሎ ተገረመ። የፖሊስ ደብዳቤ ይዛ ብትቀርብ ኤምባሲው ሌላ ቀን ሊሰጣት ይችላል፤ ይህንንም ሐሙስ ማታ በስልክ ነግሯታል።

«ምን አለችህ?»

«እሺ ብላ ዘጋችው። ሴትዮዋ ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ ስንት ጊዜ ተመለሽ ብያት ስንት ጊዜ መጣች መሰለሽ? ምርመራው አለ ከተባለ ወዲህ ግን ፈዛለች።»

ምርመራው የደም እንደሆነ ነገረኝ። ልጅ የልጅነቷን፣ አባት የአባትነቱን በደም ያስመሰክራሉ። ሀጀራ ሁለት ጊዜ መጥታ የልጅቱ ደም ቀርቶ የእኔ ብቻ አይበቃም ወይ፣ ልጄ መርፌ ትፈራለች ብላው ነበር።

«አይበቃም አልኳት። ምን ታደርጊዋለሽ፣ እናት አይደለች፣ አሳዝኗት ነው» አለኝ።

መርፌ ትፈራለች የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ምን ላደርገው እንደምችል ግን ገና አላወቅኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ሲወጣ በሀጀራ ደጅ እያለፍኩ ነበር። እሷ አጥሩን ይዛ አውቶቡሱ ዳገቱን እስኪጨርስ ቆማ አየችው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላየችኝም። እኔም አላናገርኳት፤ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

ደላላው አራጌ የሚውለው መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሆቴል ነው። ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልከው እሱ ነው ይባላል፤ መስካሪ ስለሌለ አስረነው አናውቅም። ሐሙስ የት እንደነበረ ስጠይቀው አቀስታ ገበያ አለኝ። የአቀስታ ገበያ ሐሙስ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ ብዬ ሳቅኩበት። ከዚያ ቁጭ አልኩና በእርጋታ አስረዳሁት። የተሰረቀ ፓስፖርት አለ፤ በከተማው ፓስፖርት የሚነግደው ሰው ደግሞ አንተ ነህ ይባላል። ያለህበትን ካልነገርከኝ ከጀብሪል ጎን አስቀምጥሃለሁ።

ሻዩን አማሰለ። «እመቤት፣ ፓስፖርቱ ተቃጠለ አይደል የሚባለው? ደላላ ፓስፖርት ያቃጥላል? ጤፍ ነጋዴ ጤፉን ያቃጥላል እንደማለት ነው።»

እውነቱን ነው። ይህን ሌባ ፓስፖርቱ ጨርሶ አላስፈለገውም። የፈለገው እንዳይኖር ነው።

«የነበርክበትን» አልኩት።

ሁለቱን ጥፋት መዝኖ ትንሹን መረጠ። ከረፋድ ጀምሮ ከሆቴሉ የጓሮ ክፍል ከጀብሪል ጋር ነበር። ጀብሪል በጂቡቲ አድርጎ እንደገና ሊሻገር ፈልጎ ሊነጋገር መጥቷል። ጋቢው ሥር የነበረው የልብሱ ፌስታል ነው። አስተናጋጇም ሁለቱን ምሳ እስኪደርስ ድረስ እንዳየቻቸው መሰከረች።

ማረፊያ ቤት ተመልሼ ለምን እንዳልነገረኝ ጀብሪልን ጠየቅኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «ከሳዑዲ የተመለስኩ ቀን እናቴ ቁርኣን አስያዘችኝ» አለ። «ባሕር ዳግመኛ አትረግጥም ብላ። እዚህ ብከርም ይሻለኛል፣ እሷ ከምትሰማ።»

ኮማንደሩ የደላላ ምስክርነት ምስክርነት አይደለም አለ። እውነተኛውን ሰው ካላመጣሽልኝ ልጁን አልፈታም፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ቢሮዬ ገብቼ የወንዙን አመድ ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩት። ሀጀራ ሐሙስ የነገረችኝን አንድ በአንድ አሰብኩ። ፓስፖርቶቹ አሉ። መታወቂያው አለ። ፎቶው አለ። ወረቀት ይነዳል፣ ስለዚህ የልደት ማስረጃውን አመድ ውስጥ ልፈልገው አልችልም። ኒካሑስ? ኒካሑን አማቷ በፍየል ቆዳ ልባስ ሰፍተውላታል፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች። ቆዳ እንደ ወረቀት አይጠፋም፤ ይጨማደዳል፣ ይደርቃል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ሽታውም ሰፈር ያውካል። አመዱ ውስጥ የቆዳ ምልክት የለም።

ሁሉን ያቃጠለ ሰው ኒካሑን ለይቶ አስቀርቷል።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ተወልጄ የማላውቀው ነገር አይደለም። ኒካሑ አናት ላይ የአላህ ስም ተጽፏል። እንዲህ ያለ ወረቀት አይቃጠልም፣ አይጣልም፣ አይረገጥም። ሲያረጅም መስጊድ ይወሰዳል፤ ከግቢው ጥግ ያረጀ የቁርኣን ቅጠል የሚያርፍባት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች።

የመስጊዱ ኻዲም ሼህ አብዱራህማን የምፈልገውን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፍ አመጡ። ወደ ድንጋይ ቤቷ አልገባሁም፤ ከደጅ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ብዙም አልቆዩም። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የቆዳ ልባስ ይዘው ወጡ።

«ዐርብ ነው የመጣው» አሉኝ። «አስቀምጡልኝ ብሎ የነገረኝ የለም።»

«ማን ሊያኖረው ይችላል?»

«በወንዶቹ በኩል ያለው በር ቁልፉ ከእኔ አይለይም። በሴቶቹ በኩል ያለችው መስኮት ግን ክፍት ናት። እጅ ያስገባል።»

ስለዚህ ሴት ናት። እጇ የአላህን ስም ማቃጠል ያቃተው ሴት።

እማ ፋጢማ ሳልጠራቸው እሳቸው ጣቢያ መጥተው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከአግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ወንበር ሳብኩላቸው፣ አልፈለጉም።

«እኔ ነኝ» አሉኝ። «ጀብሪልን ፍቱት፣ እኔን እሰሩኝ።»

ምክንያታቸውንም ነገሩኝ። አንዱን ልጃቸውን ባሕር ማዶ ወስዶታል፤ ምራታቸውና የልጅ ልጃቸው ከሄዱ እሱም አይመለስም፤ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ሳጥኑን በጠገራ ነቅለው፣ ወንዝ ወርደው ሁሉንም አቃጠሉ። ያሳምናል። ሰው በዚህ ምክንያት ከዚህም የባሰ ሠርቷል።

«ሁሉንም?» አልኳቸው።

«ሁሉንም።»

«ኒካሑንም?»

«ምን ቀረ ብለሽ።»

«እማ ፋጢማ» አልኳቸው፣ «የአላህን ስም በእጄ አቃጠልኩ እያሉኝ ነው?»

ለልጃቸው ሲሉ ወንጀል ሊሸከሙ መጥተዋል፤ ይህችን አንዷን ግን በውሸትም ቢሆን መሸከም አልቻሉም። «አስተግፊሩላህ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሡ።

«ማን እንደሆነ ያውቃሉ» አልኳቸው።

«አትጠይቂኝ። አንዱን ልጄን ላስፈታ ብዬ ሌላዋን አልሰጥሽም።»

ሴት ልጅ የላቸውም። ልጄ የሚሏት አንድ ሴት ብቻ ናት።

ግን ሀጀራ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ንጉሡ መስክሯል። ተመልሼ ሄድኩ። ወፍጮው ይጮሃል፣ ንጉሡ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ እህል ይገለብጣል። ከበሩ እስከ መንገዱ ጆንያና ስልቻ ተሰልፏል፤ ሰው ግን ሁለት ወይ ሦስት ቢሆን ነው።

«የቀሩት ባለቤቶች የት ናቸው?» አልኩት በጩኸት።

«ተራቸው ሲደርስ ይመጣሉ» አለኝ፣ ምን ይህን ትጠይቂኛለሽ በሚል ፊት።

እኔም ዕድሜ ልኬን ጆንያዬን አሰልፌ ወደ ጉዳዬ ሄጃለሁ። ሐሙስ ንጉሡ ከማለዳ ጀምሮ ነበረች ሲለኝ ግን አልዋሸኝም፣ እኔም አልተጠራጠርኩም። ለሁላችንም ጆንያው ካለ ሰውየው አለ። ንጉሡ ያየው የሀጀራን ጆንያ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ ሄድኩ። እማ ፋጢማ ፈርሂያን ይዘው ወጡ። ልባሱን ከነነጭ ጨርቁ መደቡ ላይ አኖርኩት። ሀጀራ አነሣችው፣ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ መልሳ አኖረችው። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«የት ተገኘ አላልሽኝም» አልኳት።

የጨርቁን ጫፍ አስተካከለች።

«ልጅሽ መርፌ አትፈራም፣ ሀጀራ። የፈራሽው አንቺ ነሽ።»

ልባሱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ ጀመረች፤ እኔም እስክትጨርስ አላቋረጥኳትም።

ሙሐሲን ሲወጣ እርጉዝ ነበረች። ሴት ልጅ ወለደች። ከቤታቸው ጎን ካለችው ክፍል አልታየች የምትባል ከለጋምቦ በኩል የመጣች ክርስቲያን ተከራይታ ነበር፤ በቀን ሥራ የምትኖር፣ ባሏ ወታደር ነው የሚባል፣ ባልየው ግን ታይቶ የማያውቅ። እሷም በዚያው ሰሞን ወለደች፤ ደም አልቆም ብሎ ሞተች። በማግስቱ የሀጀራ ሕፃን ሞተች። የሀጀራ ጡት ወተት ሞልቶታል፣ ወዲያ የአልታየች ልጅ ታለቅሳለች። እማ ፋጢማ ሕፃኗን አምጥተው ሀጀራ ደረት ላይ አኖሯት። ማንንም አልጠየቁም። ቀባሪዎቹ ከአልታየች ጋር ልጇም እንደሞተች አመኑ፤ ከአልታየች ወገን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ሙሐሲን ከሊቢያ ደወለ» አለች። «እስር ቤት ሆኖ፣ የሰው ስልክ ለምኖ። ወለድሽ ወይ አለኝ። አዎ፣ ሴት አልኩት። አለቀሰ። ልጅህ ሞታለች ልበለው? እዚያ ሆኖ? ሲወጣ እነግረዋለሁ አልኩ። ሲወጣ ባሕር ላይ ነው ተባለ። ሲሻገር ስሟን ወረቀቱ ላይ አስጽፏል። ከዚያ በኋላ የምነግርበት ቀን ጠፋብኝ።»

«ዋሸሽው።»

«በፊት ዋሽቼዋለሁ። አሁን ግን ምኑ ነው ውሸቱ? ቃዲውን ይጠይቁ፣ ቄሱንም ይጠይቁ፣ ያጠባሽው ልጅሽ ነው ይሉኛል። ኪዳነማርያምን ልጠይቀው ብዬ አፈርኩ እንጂ፣ ስምንት ዓመት ከኖረ ወተቱ ደም አይሆንም ወይ ልለው ነበር።»

እኔም ስለ ደም የማውቀው ሲፈስ ያየሁትን ብቻ ነው።

ከዚያ መውጫ እንዳጣች አስረዳችኝ። ብትሄድ ደሙ ይመሰክርባታል፤ ማመልከቻው በውሸት ተብሎ ይዘጋል፣ ሙሐሲንም ልጁ የሞተች መሆኑን ከባዕድ ሰው ይሰማል። እውነቱን ብትናገር እሷን ያስገቧታል፣ ፈርሂያን ይመልሷታል። አልሄድም ብትል ለምን ይሏታል፤ ባል፣ አማት፣ ወንድም፣ ከተማው ሁሉ። ወረቀቱ ከጠፋ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ቀኑ ያልፋል፣ በሩ በራሱ ይዘጋል፣ ልጇም ልጇ ሆና ትቀራለች።

«ጀብሪልስ? በአንቺ ፋንታ ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል።»

«አይደለም ብዬዎት ነበር» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰብሮ። «አልሰሙኝም። ሰኞ ካለፈ መጥቼ እነግርዎት ነበር።»

አመንኳት። ማመን ግን ማንንም አልፈታም። የሐሰት አቤቱታ ወንጀል ነው። ፓስፖርት ማቃጠል ወንጀል ነው። ከተፈረደባት ደግሞ የትኛውም አገር የሚጠይቃትን ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ አታገኝም። እውነቱን ብጽፍ እሷን አሳስራለሁ፤ ባልጽፍ ጀብሪልን። መደቡ ላይ ተቀምጬ ያችን ትንሽ ቤት ሳያት ግድግዳዋ የቀረበኝ መሰለኝ።

ተነሣሁና ለማንም የማልለውን ነገር አልኳት። «አሁን ተነሥቼ ወደ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ አንቺን ይዤ አልሄድም። በገዛ እግርሽ መጥተሽ ቃልሽን ስጪ። ተይዛ ከሚለው መጥታ የሚለው ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ለሙሐሲን ደውይ። ፍርድ ቤት ጉዲፈቻ ያጸድቃል፤ ያለ ሙሐሲን ፈቃድ ግን አይሆንም። ጉዲፈቻ ካለ ደግሞ ደም አይጠየቅም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አላውቅም። እንደገና ከመጀመሪያ ይጀምራል።»

እኔ እዚያው እያለሁ ደወለች። እስክትደውል አልንቀሳቀስም ብዬ ስለቆምኩ ነው። ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። የሰውየው ድምፅ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ ተሰማኝ።

«የኛዋ የት ተቀበረች?»

«ከአባትህ እግርጌ» አለችው።

ሀጀራ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። በሩ ተከፍቶ ፈርሂያ አያቷን ቀድማ ገባች፤ ስልኩን ስታይ እጇን ዘረጋች፣ እንደ ወትሮዋ። ሀጀራ አልሰጠቻትም፤ ስልኩ ግን የሆነ ነገር ተናገረና እጇ ላላ።

«አባ» አለች ልጅቷ። «ተከተብኩ እኮ። አላለቀስኩም።»

አባትየው ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ግን ክንዷን ወደ ስልኩ ገልጣ፣ የሚያይ ይመስል አሳየችው።

ከሰዓት በኋላ ሀጀራ ብቻዋን መጥታ ቃሏን ሰጠች። ኮማንደሩ ቆጣ አለ፣ ቀጥሎ ጀብሪልን አስፈታ። እማ ፋጢማ ልጃቸውን ጣቢያው በር ላይ ጠበቁት፤ ስለ ጂቡቲ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ቁርኣኑን ግን በነጠላቸው ይዘውት መጥተዋል። የሀጀራ መዝገብ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ይክሰሳት አይክሰሳት እስከዛሬ አልወሰነም፤ በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ፣ በየሳምንቱ እያየሁት ነው ይለኛል።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ ስማቸው ተጠርቶ በታለፈበት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስገባ የወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ሀጀራንና ፈርሂያን አየኋቸው። በሩ ገና አልተከፈተም። የባለጉዳዩ ድንጋይ ከበሩ እስከ ባሕር ዛፉ ተደርድሯል። ሀጀራ ከሰልፉ መጨረሻ ጎንበስ ብላ ለጉዲፈቻው ጉዳይ ድንጋይዋን አኖረች። ጆንያዋን ትታ እንደሄደችበት ቀን አልሄደችም፤ አጠገቡ ተቀመጠች።

ፈርሂያ ዞር ዞር ብላ ፈለገች። አንዲት ጠፍጣፋ ጠጠር አገኘች፣ በቀሚሷ ጠረገቻት፣ ከእናቷ ድንጋይ ጎን አስጠግታ አኖረቻት።

«የእኔ ተራ» አለች።